ማሳሰቢያ፦ ከካዛንቺስ ተነስተው ወደ ተራራና ወደ ወይን እርሻ ለሚሮጡ

ጥቅምት ገብቶ ታላቁ ሩጫ ሲቃረብ መስቀል አደባባይ ገና ሳይነጋ ይሞላል። ደረጃውን እየወጡ የሚወርዱት፣ ቲሸርቱን ገዝተው ልምምድ የጀመሩት፣ ሐኪም "ተንቀሳቀስ" ያላቸው ሁሉ እዚያ ናቸው። በኮሪደር ልማቱ የሰፋው የካዛንቺስ የእግረኛ መንገድም የራሱ ሯጮች አሉት። መልካም ነው፣ ይበርቱ። ይህ ማሳሰቢያ ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ንጣፍ ላይ የሮጠ ሰው "እስቲ አየር እንቀይር" ብሎ ቅዳሜ ማለዳ እንጦጦ ይወጣል፤ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ ሚኒባስ ተከራይቶ፣ በባቱ ወይን እርሻዎች አካባቢ ለመሮጥ ይነሳል። ሰው የሚጎዳው የንጣፉን ልማድ ይዞ ወደነዚህ ቦታዎች ሲሄድ ነው።

መጀመሪያ ስለ ከፍታው። መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ይደርሳል፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከካዛንቺስ ቀና ብሎ ለሚያየው ተራራው እጅ ላይ ያለ ስለሚመስል ከፍታ የቀየረ አይመስለውም። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ልዩነቱ ለሚያወራ ሰው ትንሽ ነው፣ ዳገት ለሚሮጥ ሰው ግን አይደለም። "እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ ከፍታ ለምጃለሁ" የሚለው ክርክር ግማሹ እውነት ነው፤ ሳንባ ቢለምድም ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ልብና ጉልበት አብረው አይለምዱም። ለበዓል ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የመጣ ዘመዳችሁንማ በደረሰ በማግሥቱ እንጦጦ አታስሩጡት። ጥቂት ቀን ሜዳ ላይ ይራመድ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ይተኛ።

ዳገት ላይ የእጅ ሰዓታችሁን እርሱት። አደባባይ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር በስድስት ደቂቃ የሚሮጥ ሰው ያንኑ ፍጥነት ሽቅብ ለመድገም ሲሞክር ነው የሚወድቀው። አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ማውራት ካቃታችሁ በዝቷልና በእግር ሂዱ፤ ማንም አይስቅባችሁም። ደረት ላይ ጫና፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ድንገተኛ ቀዝቃዛ ላብ ወይም ማዞር ከተሰማችሁ "ትንሽ ነው፣ ያልፋል" አትበሉ። ቁሙ፣ ተቀመጡ፣ ሰው ጥሩ። ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ዳገት ከመሞከሩ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

ከአትሌቶቻችን የምንቀዳው ጫማቸውንና ቱታቸውን ነው። አሯሯጣቸውን ብንቀዳ ይሻል ነበር። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሲሮጡ ያያቸው ሰው ያውቃል፦ ተሰልፈው፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ ቀጥታ ሽቅብ ሳይሆን በባሕር ዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። የፊተኛው ጉቶውን፣ ጉድጓዱን፣ ተንሸራታቹን ቅጠል ያያል፤ የኋላው እሱን ያያል። ቀላል የሩጫ ቀናቸው ደግሞ በእውነት ቀላል ነው፣ ሶምሶማ ከሚሉት ብዙም አይፈጥንም። እኛ ብቻችንን፣ ጆሯችንን በማዳመጫ ደፍነን፣ ዓይናችንን እይታው ላይ ጥለን እንሮጣለን። የባሕር ዛፍ ቅጠል በጤዛ ሲርስ ያንሸራትታል፤ የተቆረጠው ግንድ ጉቶ በሣር ስለሚሸፈን አይታይም። ቁርጭምጭሚት የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ ቁልቁል ሲወርዱ ነው፤ ሰው ደክሞታል፣ ከተማይቱም ከፊቱ ተዘርግታለች። ማየት ከፈለጋችሁ ቆማችሁ እዩ። ለጀማሪ በ2013 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የተሠሩ መንገዶች ይበቃሉ፤ ወደ ጫካው ኮሮኮንች ለመግባት መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይኑር።

እዚያው መንገድ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ከራሳቸው ክብደት ብዙም የማያንስ ጭነት ጀርባቸው ላይ አስረው፣ አጎንብሰው፣ ቁልቁል ነው የሚመጡት፤ ድንገት መቆም ወይም ዞር ማለት አይችሉም። መንገዱን የምንለቀው እኛ ነን። "እናቴ፣ ይለፉ" ብሎ ዳር መያዝ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ከኋላ በፍጥነት መጥቶ ትከሻቸውን ታክኮ ማለፍ ሰው መጣል ነው። ፎቶም አታንሷቸው፤ እናንተ ለጤናችሁ የምትወጡት ዳገት የእነሱ የዕለት እንጀራ ነው።

ብዙ ሰው ጅብ ይፈራል። እውነት ነው፣ እንጦጦ ላይ ጅብ አለ፤ ሳይነጋ ብቻችሁን አትውጡ፣ በቡድን ሁኑ፣ ምግብ አትያዙ። ከጅቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ውሻው ነው። በተራራው ግርጌ ያሉ መንደሮች፣ የገበሬ ግቢዎች፣ ከካዛንቺስ ተነስተው ገላን ጉራ የሰፈሩት የቀድሞ ጎረቤቶቻችን የሚሮጡባቸው የእርሻ ዳር መንገዶች፣ ሁሉም ውሻ አለባቸው። የሚሮጥ ሰው ውሻን ይቀሰቅሳል። ሲመጣባችሁ ሩጫውን አቁሙ፣ ጀርባችሁን አትስጡ፣ ዓይን ለዓይን ሳትፋጠጡ ቀስ ብላችሁ ራቁ። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ግን ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያም በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ሂዱ። የአዲስ አበባ ሰው ዛሬም "ፓስተር" የሚለው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለእብድ ውሻ በሽታ የቆየ ስም ያለው ቦታ ነው። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረና ሳይቋረጥ ከተወሰደ ግን ያድናል። ውሻው ባለቤት ቢኖረውም፣ "ጤነኛ ነው" ቢባልም፣ ሂዱ። ጸበል መጠመቅ የሚፈልግም ክትባቱን ሳያዘገይ ይጠመቅ።

በክረምት ደግሞ ተራራው ራሱ ካዛንቺስ ወዳለችበት ቂርቆስ ይወርዳል። ቀበና፣ ግንፍሌና ባንቲይኬቱ ከሰሜን ከፍታው የሚመጡ ወንዞች ናቸው። ካዛንቺስ ላይ ጠብታ ሳይወርድ እንጦጦ ላይ ዶፍ ዘንቦ ሊሆን ይችላል፤ ተዳፋቱ ቁልቁል፣ ከተማው ንጣፍና ቆርቆሮ ስለሆነ ውኃው የሚሰርግበት የለውም፣ በአጭር ጊዜ ይደርሳል። በነሐሴ 2013 በከተማዋ የወረደው ደራሽ ጎርፍ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። በወንዝ ዳር በተሠሩት ውብ መንገዶች የምትሮጡ ሰዎች ወደ ሰሜን እያያችሁ ሩጡ፤ እንጦጦ ጠቁሮ ከሆነ፣ የወንዙ ውኃ ድንገት ከደፈረሰና ቅርንጫፍ ማምጣት ከጀመረ ወደ ላይ ውጡ። መሻገሪያው ላይ ቆሞ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ እሱን አትሁኑ። ተራራው ላይ ሳላችሁ ነጎድጓድ ከሰማችሁም ከረጅም ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ ወደ መኪና ወይም ወደ ቤት ግቡ።

አሁን ወደ ባቱ እንሂድ፤ ብዙዎቻችን ዝዋይ የምንለው። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ከፍታውም ወደ 1,640 ሜትር ዝቅ ይላል። የወይን ጠጅ አምራቹ ካስቴል ከ2000 ወዲህ እዚያ ወይን ተክሎ በ2006 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች አወጣ። ረድፍ ረድፉን የተዘረጋው ተክል፣ ከወዲያ ሐይቁ፣ እግር ቢስብ አይገርምም። ዝቅ ማለቱ ለሳንባ እፎይታ ቢሆንም ሙቀቱ ሌላ ነገር ነው፤ የካዛንቺስን ብርድ የለመደ አካል ውኃ መጨረሱን ሳያውቅ ነው የሚደክመው። እርሻው የሰው ንብረት ነው፣ ጥበቃ አለው፤ ሳትጠይቁ በረድፎቹ መሃል አትግቡ። ወይን በሻጋታ በቀላሉ ስለሚጠቃ መድኃኒት ይረጫል፤ ቅጠል እየነኩ፣ ፍሬ እየቀጠፉ መሮጥ ለእናንተም አይበጅም። እርሻውን የከበበው ሁለት ሜትር የሚሰፋ ቦይ የተቆፈረው ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡ ነው። ይህን የሰማ ሰው በዙሪያው ማን እንደሚዘዋወር ይገባዋል።

ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ወደ ውኃው ይመለሳል። ያ ሰዓት ደግሞ ሯጭ የሚወደው ሰዓት ነው። በጉማሬና በሐይቁ መሃል የገባ ሰው ፈጥኖ አያመልጥም፤ እንስሳው ከመልኩ ይልቅ ፈጣን ነው። ስለዚህ በሐይቁ ዳርቻ ፀሐይ በደንብ ሳትወጣ አትሩጡ፣ ከሸምበቆው ራቁ፣ የአካባቢውን ዓሣ አጥማጆች ጠይቁ። ሩጫው ሲያልቅ እግር ለማቀዝቀዝ ሐይቁ ውስጥ መግባትም ይቅር፤ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ወባም አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የመቋቋም አቅም ስለሌለው ይከፋበታል። ለአዳር የምትሄዱ አጎበር ሥር ተኙ፣ ምሽትና ንጋት ላይ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ "ጉንፋን ነው" ሳትሉ ደም አስመርምሩ፣ ባቱ እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩት።

ከሩጫ በኋላ ወይን መቅመስ የጉዞው ዋና ምክንያት እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልከለክልም። መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ ምግብ፣ ከዚያ ብርጭቆ። ሹፌሩ ግን አንድም ብርጭቆ አይቅመስ። የሮጠ፣ የጠጣና ፀሐይ የመታው ሰው ማታ መሪ ላይ ይተኛል።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሹፌሮችና ከአካባቢው ሰው አጣሩ። በየት አድርጋችሁ እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለቤተሰብ ንገሩ፣ ስልካችሁን ሞልታችሁ ያዙ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳትና አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 ነው። ከመደወላችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ በር ወይም ድልድይ ስም ያዙ፤ "ጫካ ውስጥ ነን" ብቻ ከተባለ አምቡላንሱ የት እንደሚመጣ አያውቅም።