ምስክር የሌለው ቃል ኪዳን

በሐሳብ የተፈጠሩ መንግሥታትን፣ በእነርሱም ውስጥ ያሉትን የመሳፍንት ጋብቻና ሤራ የሚተርኩ ልብ ወለድ መጻሕፍት ዛሬ በብዙ አገር ይነበባሉ። ከአንባቢዎቹም አንዳንዶቹ እነዚህን መጻሕፍት እንደ ፖለቲካ መማሪያ ይቈጥሯቸዋል። ልጁን በስውር ድሮ ግዛት ያገኘውን፣ በሠርግ ድግስ ላይ ጠላቱን ያጠፋውን ጌታ ብልኅና አርቆ አሳቢ እያሉ ያደንቁታል። እኛ ይህን አድናቆት እንቃወማለን። የምንቃወመውም መጻሕፍቱን ንቀን አይደለም፤ ቁም ነገር ያለባቸው መሆናቸውን ስለምናምን ነው እንጂ።

አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን በ1996 ማውጣት የጀመረውን ተከታታይ ታሪክ እንመልከት። (የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) የሰሜን ንጉሥ የተባለው ወጣቱ ሮብ ስታርክ ጦሩን ወንዝ ለማሻገር ሲል ከድልድዩ ጌታ ከዋልደር ፍሬይ ልጆች አንዲቱን ሊያገባ ቃል ይገባል። ነገር ግን በ2000 በወጣው በ3ኛው መጽሐፍ፣ ማንንም ሳያማክር ሌላ ሴት አግብቶ ከዘመቻው ይመለሳል። ፍሬይም ቂሙን በሆዱ ይዞ ከላኒስተር ቤት አለቃ ከታይዊን ጋር በምሥጢር ይዶልታል። ሴት ልጁን ለሮብ አጎት ይድራል፤ እንግዶቹንም ዳቦና ጨው አቅምሶ ካስተማመነ በኋላ፣ በሠርጉ ድግስ ላይ ንጉሡን፣ እናቱንና ጭፍሮቹን ያስፈጃቸዋል።

በዚያው መጽሐፍ የሮብ እኅት ሳንሳ ገና ልጅ ናት። የታይረል ቤት ሰዎች ለወራሻቸው ሊድሯት በስውር ያስባሉ፤ ወሬው ሾልኮ ከታይዊን ጆሮ በደረሰ ጊዜ እርሱ ቀድሞ ለገዛ ልጁ ለቲሪዮን በግድ ያጋባታል። ልጅቱ መዳሯን የምትሰማው በሠርጓ ዕለት ነው። ሁለቱም ወገኖች የፈለጉት እርስዋን አይደለም፤ ወንድሟ ቢሞት በእርስዋ በኩል የሚወረሰውን ግዛት ነው እንጂ። እንግዲህ ብልኅነት የተባለው ይህ ነውን?

ይህ ሁሉ ተረት ነው የሚል ቢኖር፣ ደራሲው ብዙ ነገር የቀዳበትን የእንግሊዝንና የስኮትላንድን ታሪክ ይመርምር። በ1440 የዳግላስ ቤት ወጣት ጌታና ወንድሙ ወደ ኤዲንብራ ግንብ ለግብዣ ተጠርተው ተገደሉ። በ1464 የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ ኤልሳቤጥ ውድቪል የተባለችውን፣ ባል የሞተባትን ሴት በስውር አገባ። በዚያን ጊዜ የዎሪክ ጌታ ሪቻርድ ኔቪል ለንጉሡ ከፈረንሳይ በኩል ሚስት ለማምጣት ይደራደር ነበር። ይህ ውርደት ከሌላ ቅሬታ ጋር ተደምሮ በ1469 አሳመፀው፤ በ1470 ንጉሡን ከአገር አስወጣ፤ በ1471 ግን ራሱ በባርኔት ጦርነት ወደቀ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ኤድዋርድ በ1483 በሞተ ጊዜ ወንድሙ ሪቻርድ፣ ሟቹ ንጉሥ አስቀድሞ ለሌላ ሴት በስውር የጋብቻ ቃል ሰጥቶ ነበር በሚል ምክንያት፣ የወንድሙን ልጆች ሕጋዊ ልጆች አይደሉም አሰኝቶ ዙፋኑን ወሰደ። ምስክር የሌለው ጋብቻ እውነት ይሁን ሐሰት የሚያረጋግጠው ስለማይገኝ፣ ለጕልበተኛ ሁሉ መሣሪያ ይሆናል።

የዚህን ጉዳት የተረዱ ሰዎች መድኃኒቱን በሕግ ፈለጉት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1563 በትሬንት ጉባኤ ጋብቻ በቄስና በምስክሮች ፊት ካልተፈጸመ እንዳይጸና ወሰነች። የእንግሊዝም ፓርላማ በ1753 ጋብቻ አስቀድሞ በሕዝብ ፊት እንዲነገር ወይም ፈቃድ እንዲወጣለት፣ ከተፈጸመም በኋላ በመዝገብ እንዲጻፍ ደነገገ። መዝገብና ምስክር ለጽሕፈት ቤት ሰው አሰልቺ ሥራ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ደካማው ወገን የሚጠለልባቸው ቅጥር ናቸው።

ተቃዋሚዎቻችን፣ ሤረኞቹ ግን ያሸንፋሉ ይሉናል። ለጊዜው ማሸነፋቸውን አንክድም። ዳሩ ግን በዚያው በ3ኛው መጽሐፍ የታይዊን የልጅ ልጅ ንጉሥ ጆፍሪ በገዛ ሠርጉ ድግስ ላይ በመርዝ ይሞታል፤ ከሤራውም ውስጥ የሙሽራዪቱ አያት አለችበት። ታይዊንም ራሱ በልጁ በቲሪዮን እጅ ይገደላል። የሠርግን ማዕድ ወጥመድ ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ የማንን ማዕድ አምኖ ይቀርባል? ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለውም፣ ከማንም ሠርግ ያልተጠሩት ገበሬዎች መንደራቸው ይቃጠላል፤ እህላቸውም ይዘረፋል። ስለዚህ ደራሲው የጻፈው የሤረኞችን ውዳሴ አይደለም፤ ክሳቸውን ነው።

ሥልጣን የቤተ ሰብ ርስት በሆነበት ስፍራ መኝታ ቤት የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ይሆናል፤ የልጆችም ዕድል በሹክሹክታ ይወሰናል። መጻሕፍቱ የሚያስተምሩን ይህን ነው። እንግዲህ መምህራን እነዚህን ታሪኮች ተማሪዎቻቸው እንዳያነቡ አይከልክሉ፤ አነባበባቸውን ያቅኑላቸው እንጂ። ተማሪውም ማን አሸነፈ ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ ሳትጠየቅ የተዳረችው ማን ናት፣ ቃሉስ ሲታጠፍ የሚመሰክርለት ያጣው ማን ነው ብሎ ይጠይቅ። ይህን ሳይጠይቅ መጽሐፉን የዘጋ ሰው፣ ገጹን ቈጥሮ ጨረሰ እንጂ አነበበ አንለውም።