በማረጥ ዘመን ለሚደርቅ ቆዳ የትኛው ቅባት ይሻላል?

በዚህ ወር ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ በብዙ ቤት የሚታወቅ፣ ነገር ግን በግልጽ የማይነገር ነው። ይኸውም አንዲት ሴት ዕድሜዋ ገፍቶ የወር አበባዋ በሚቋረጥበት ጊዜ፣ ማለት በማረጥ ዘመን፣ በቆዳዋ ላይ የሚደርሰው ድርቀትና ማሳከክ ነው። ነገሩ ከውበት ጋር ብቻ የተያያዘ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች አሉ። እኛ ግን የጤና ጉዳይ ነው እንላለን። የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀም ቆዳ ለተሕዋስያን በር ይከፍታል፤ የሚያሳክክ ቆዳ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣል። ከዚህም ሁሉ ይልቅ፣ ድርቀቱን ለማስወገድ ሲባል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከየሱቁ የሚገዛው ቅባት ከድርቀቱ የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ይህ ችግር በማናቸውም አገር ያለ ቢሆንም በእኛ አካባቢ ይብሳል። ቡልቡላ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ አየሩ ይደርቃል፤ ነፋሱ አቧራውን ያነሣል፤ ፀሐዩም ከረፋድ ጀምሮ ያቃጥላል። ደረቅ አየርና ነፋስ በገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ እንደሚያደርቁ ሁሉ የሰውንም ቆዳ ያደርቃሉ። ስለዚህ በአዳማም ሆነ በመቂ፣ በባቱም ሆነ በቡልቡላ ለምትኖር የሃምሳ ዓመት ሴት ድርቀቱ ከሁለት ወገን ይመጣባታል፤ አንደኛው ከውስጥ ከዕድሜዋ፣ ሁለተኛው ከውጭ ከአየሩ።

ከውስጥ የሚመጣው ድርቀት ምክንያቱ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። አርጣለች የሚባለውም እርግዝና ወይም ሌላ ምክንያት ሳይኖር 12 ወር በተከታታይ የወር አበባ ሳታይ ስትቀር ነው። በዚህ ዘመን ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በሰውነት ውስጥ እጅግ ያንሳል። ይህ ሆርሞን የቆዳን ውፍረት፣ እርጥበትና ወዝ ከሚጠብቁት አንዱ ስለሆነ፣ እርሱ ሲያንስ ቆዳው ይሳሳል፤ ወዙም ይቀንሳል። ቆዳን አጽንቶ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ነገር እንኳ ከማረጥ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እስከ 30 በመቶ ሊጎድል እንደሚችል በጥናት ታውቋል። እንግዲህ አንዲት እናት ቆዳዋ እንደ ቅርፊት መሆኑንና ሌሊት ማሳከኩን ብትናገር፣ የሰውነቷን እውነተኛ ለውጥ መናገሯ ነውና የቅብጠት ነገር ተደርጎ ሊቈጠርባት አይገባም።

አሁን ወደ ቅባቱ እንመለስ። የቆዳችን የላይኛው ክፍል በድንጋይና በጭቃ እንደ ተሠራ ግድግዳ ነው። ጥቃቅኖቹ የደረቁ ሕዋሳት እንደ ድንጋዩ፣ በመካከላቸው ያለው ተፈጥሯዊ ስብ ደግሞ እንደ ጭቃው ናቸው። ጭቃው ሲረግፍ ግድግዳው ነፋስ እንደሚያሳልፍ፣ ስቡም ሲያንስ ቆዳው ውስጡ ያለውን ውኃ ያስወጣል። ቅባቶች ይህን ጉድለት የሚረዱት በሦስት መንገድ ነው። እንደ ግሊሰሪንና እንደ ዩሪያ ያሉት ውኃን ስበው ይይዛሉ። እንደ ቫዝሊንና ከበግ ጠጉር እንደሚገኘው ላኖሊን ያሉት ከላይ ሆነው ውኃው እንዳይወጣ ይከድናሉ። ሌሎቹ ዘይቶች ደግሞ ክፍተቱን ሞልተው ሻካራውን ያለሰልሳሉ። በውብ ዕቃ ተሞልተው በብዙ ገንዘብ የሚሸጡት ቅባቶች ቢመረመሩ፣ ዋናው ሥራቸው ከእነዚህ ከሦስቱ አያልፍም። መዓዛው፣ ቀለሙና ዕቃው ለዓይንና ለአፍንጫ ደስ ከማሰኘት በቀር ለቆዳው የሚጨምሩት ጥቅም የለም፤ እንዲያውም ሽቶው የሳሳውን ቆዳ ሊቈጣው ይችላል።

ርካሽ ነገር በእርግጥ ይሠራል ወይ ለሚለን ሰው ምስክሩ በገዛ አገራችን ይገኛል። በሥጋ ደዌ ምክንያት ነርቫቸው ተጎድቶ እግራቸው የደረቀባቸው ሰዎች እግራቸውን በውኃ ዘፍዝፈው፣ ውኃው ሳይደርቅ ቅባት እንዲቀቡ መምከር ለብዙ ዘመን የቆየ የሕክምና ልማድ ነው። በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ በመሄድ በሚመጣው የእግር ዝሆኔ የተያዙ ኢትዮጵያውያን ላይም የተደረገ ጥናት አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 በታተመው በዚህ ጥናት ሁለት መቶ የሚጠጉ ሕመምተኞች ተካፍለው፣ ገሚሶቹ የተለመደውን የእግር አጠባበቅ ሲከተሉ፣ ገሚሶቹ ደግሞ መጠኑ በተቀነሰ ውኃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን ጨምረው እግራቸውን ዘፈዘፉ። ግሊሰሪን የተጨመረላቸው ሰዎች ቆዳ ውኃን ይዞ የማቆየት ኀይሉ ይበልጥ ተሻሻለ። ጥናቱ ስለ ማረጥ አልነበረም፤ ሆኖም እንደዚያ የተጎዳ ቆዳ በጥቂት ግሊሰሪን ከተጠቀመ፣ በዕድሜ የደረቀው ቆዳ የግድ ውድ ነገር ያስፈልገዋል የሚያሰኝ ምክንያት አናይም።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ ለደረቀ ቆዳ ጥሩ ቅባት የሚባለው ዋጋው የበዛው ሳይሆን፣ ሽቶ የሌለው፣ በውስጡ ያለው ነገር የታወቀና በየቀኑ ለመቀባት አቅም የሚፈቅደው ነው። ከእነዚህም ተራው ቫዝሊንና ግሊሰሪን በመጀመሪያ ደረጃ ይቆማሉ። ቫዝሊን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1872 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ተሰጥቶት ለገበያ የዋለ ነው፤ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የሰው ልጅ ተቀብቶት እስከ ዛሬ ከርካሾቹና ከሚታመኑት ቅባቶች አንዱ ሆኖ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ከቅባቱ ዓይነት የማያንሰው የመቀቢያው ጊዜ ነው። ቅባት ራሱ ውኃ አይሆንም፤ የሚጠብቀው ያገኘውን ውኃ ነው። በደረቀ ቆዳ ላይ ቫዝሊን መለቅለቅ ባዶ እንስራን እንደ መክደን ይቈጠራል። እንግዲህ ከታጠቡ በኋላ ሰውነትን በፎጣ አጥብቆ ሳያሹ፣ ውኃውን ቀስ ብሎ አድርቆ፣ ቆዳው ገና ወዘና እንዳለው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መቀባት ይገባል። ግሊሰሪን የምትጠቀም ሴት በንጹሕ ውኃ አቅጥና በእርጥብ ቆዳ ላይ ትቀባው፤ በላዩም ስስ ቫዝሊን ታድርግ። ለክንድ፣ ለቅልጥምና ለተረከዝ ማታ ከመኝታ በፊት መደገም መልካም ነው። ጠመኔ ሲይዙ የሚውሉ መምህራትም እጃቸውን በታጠቡ ቍጥር ጥቂት ቢቀቡ ይጠቀማሉ።

ቫዝሊን አቧራ ይይዛል፣ ፊትንም ያወዛል የሚል ቅሬታ እንሰማለን። ቅሬታው በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ቅባቱን መተው ሳይሆን መጠኑን ማሳነስ ነው፤ በልብስ ለሚሸፈነው አካል ቀን፣ ለሚገለጠው ደግሞ ማታ ይቀቡታል። ፊቱ ብጉር የሚያወጣበት ሰው ለፊቱ የቀጠነ ግሊሰሪን ወይም ሽቶ የሌለበት ቀለል ያለ ቅባት ይምረጥ።

ስለ ቅቤም አንድ ቃል እንበል። እናቶቻችን ፀጉራቸውንና ገላቸውን ቅቤ ሲቀቡ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቅቤም እንደ ማናቸውም ስብ ቆዳን ይከድናል። ሆኖም ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል፣ ሲቆይም ይበላሻል፤ በተሰነጠቀ ቆዳ ላይም ንጽሕናው አያስተማምንም። ከዘይት ወገን የሱፍ አበባ ዘይት ለቆዳ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል፤ የወይራ ዘይት ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 በታተመ ጥናት የቆዳን መከላከያ ሲያዳክም ታይቷል። ስለዚህ ከሩቅ አገር መጥቶ በውድ መሸጡ ብቻ አንድን ዘይት የተሻለ አያደርገውም።

ቅባት እየቀቡ ቆዳን በሌላ በኩል ማድረቅም ከንቱ ድካም ነው። በጣም የሞቀ ውኃና የልብስ ሳሙና የቆዳን ስብ ጠርገው ይወስዳሉ። ለብ ባለ ውኃ፣ በአጭር ጊዜ፣ ለስለስ ባለ የገላ ሳሙና መታጠብ ይበቃል፤ ሳሙናውም ለብብት፣ ለእግርና ለሚያድፈው አካል እንጂ በየቀኑ ለመላው ሰውነት ላያስፈልግ ይችላል። በአካባቢያችን ያሉት የአብጃታና የሻላ ሐይቆች ውኃ ሶዳ የበዛበት ስለሆነ፣ በእርሱ የታጠበ ሰው ወዲያው በንጹሕ ውኃ ተለቃልቆ ሊቀባ ይገባዋል። ቀን በፀሐይ የምትሄድም ሴት ነጠላዋን ወይም ጥላዋን አትርሳ።

ከሁሉ አብልጠን የምናስጠነቅቀው ግን ይህን ነው። ማሳከኩ ሲበዛባት፣ በሰው ምክር ወደ ሱቅ ሄዳ ፊት የሚያጠራና ማሳከክ የሚያቆም የተባለ ቅባት የምትገዛ ሴት ብዙ ናት። ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ክሎቤታሶልን ወይም ቤታሜታሶንን የመሰለ ብርቱ ስቴሮይድ የያዙ ናቸው። እነዚህ መድኃኒቶች ናቸው እንጂ መዋቢያዎች አይደሉም። ሐኪም ለታወቀ ሕመም፣ ለተወሰነ ቀን ሲያዛቸው ይጠቅማሉ። ያለ ልክ ሲቀቡ ግን ማሳከኩን ለጊዜው ጸጥ አድርገው ቆዳውን ያሳሳሉ፤ የደም ሥሮችን ያጋልጣሉ፤ ብጉር ያወጣሉ፤ ሲተዉአቸውም ቆዳው ይቈጣል። ማረጥ ራሱ ያሳሳውን ቆዳ እንደ ገና በመድኃኒት ማሳሳት እንዴት ያለ ጥፋት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረደው።

ሃይድሮኪኖን የተባለው የቆዳ ማንጫም በረጅም ጊዜ ሲቀቡት ለማስወገድ የሚያስቸግር ጥቁር ሰማያዊ ምልክት በፊት ላይ ሊተው ይችላል። ባዜቃ፣ ማለት ሜርኩሪ፣ ያለባቸው ማንጫዎች ደግሞ በቆዳ በኩል ገብተው ኵላሊትን ይጎዳሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ባዜቃ ያለባቸውን መዋቢያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይሠሩና ከአገር ወደ አገር እንዳይተላለፉ ወስኗል፤ በ2023 የተሰበሰቡት አባል አገሮችም ባዜቃ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ እስከ 2025 እንዲቀር ተስማምተዋል። ስለዚህ በውስጡ ያለው ነገር በላዩ ያልተጻፈበትን ቅባት አንግዛ፤ በጥቂት ቀን አነጣለሁ የሚለውን ደግሞ ከነጭራሹ አንንካ።

ድርቀት ሁሉ ከማረጥ የመጣ ነው ማለትም ስሕተት ነው። ማሳከኩ ሌሊት የሚብስና ሌሎችም የቤት ሰዎች የሚያካቸው ከሆነ እከክ ሊሆን ስለሚችል መላው ቤተሰብ አብሮ መታከም አለበት። ከድርቀቱ ጋር ብርድ ብርድ ማለት፣ ድካምና ያለ ምክንያት መወፈር ካለ የእንቅርት ዕጢ ሥራ አንሶ ይሆናል፤ ጥማትና ሽንት ከበዛ ደግሞ የስኳር በሽታ ይመረመራል። ካረጠች በኋላ ደም የታያት ሴት፣ ደሙ ጥቂት ቢሆንም እንኳ፣ ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። የማኅፀን በር አካባቢ ድርቀትና ሕመም የሚሰማት ሴትም ይህ የማረጥ አንዱ ጠባይ መሆኑን አውቃ ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ትንገር እንጂ፣ ለገላ የተባለውን ቫዝሊን ወደ ውስጥ አካል አታግባ፤ ለዚያ የተለየ ሕክምና አለው።

ይህን ሁሉ ለመምህራንና ለተማሩ የከተማ ሰዎች የምንጽፈው ስለ ምን ነው የተባለ እንደ ሆነ፣ ምክሩ ወደ ቤት የሚገባው በእነርሱ በኩል ስለ ሆነ ነው። በቅባቱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን የባዕድ ቋንቋ ለእናቱ ወይም ለጎረቤቱ አንብቦ ማስረዳት የሚችለው የተማረው ሰው ነው። ባልም የሚስቱን ማሳከክ እንደ እርጅና ቀልድ ሳይቈጥር፣ ለቤት አስቤዛ ሲወጣ አንድ ቫዝሊን ጨምሮ ቢገዛ ትልቅ ሕክምና አደረገ ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፣ ዛሬ በእርጥብ ቆዳ ላይ የሚቀባው ጥቂት ቫዝሊን ነገ ከሚመጣው ቍስልና ከየሱቁ መርዝ ያድናል። እናቶቻችንና እኅቶቻችን በዚህ ዘመናቸው ስለ ሰውነታቸው ሳያፍሩ ይጠይቁ፤ እኛም የምናውቀውን ሳንሸሽግ እንንገራቸው።