ፈቃድ ጠይቆ የሚገባ ወንጌል

ከአዲስ አበባ አጥቢያዎች ተነስተው በፉሪ ዙሪያ ወዳሉት የገበሬ መንደሮች ለምስክርነት የሚወጡ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ልፋታቸውን አከብራለሁ። ወንጌል ከመድረክ ይልቅ በሰው ቤት ሥር እንደሚሰድ ስለማምን ግን ስለ አካሄዳችን ዝም ማለት አልችልም። የቤት ለቤት ምስክርነት የሚያፈራው ጎብኚው በባለቤቱ ፈቃድ ሲገባ፣ ከመናገሩ በፊት ሲሰማና ተመልሶ ሲመጣ ነው።

ምሳሌው እዚሁ አገራችን አለ። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ፣ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። ያኔ አባላቷ ወደ 5,000 ይጠጉ ነበር። አዳራሽ ተወሰደ፣ በአደባባይ መስበክም የሚያሳስር ሆነ። ምዕመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ጸለዩ፣ ቃሉን ተማማሩ። ቡና መጠራራት፣ የታመመ መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስ የተለመደ የጉርብትና ወግ ነውና እህቶች በዚያ በኩል ብዙ ቤት ገቡ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ አባላቱ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ያን ያህል ሰው የሰበሰቡት ችግርና ደስታ የሚካፈሉ ጎረቤቶች ናቸው።

የገጠር ቤት ወግ አለው። ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ መጣራት፣ «ግቡ» እስኪባል መጠበቅ ነው። በአጨዳና በውቂያ ሰሞን ገበሬውን ከሥራው አስቁሞ ማስተማር ነውር ነው። አቦሉ ላይ የመጣበትን ተናግሮ በረካውን ሳይጠጣ የሚነሳ እንግዳም ስለ ቤቱ ምንም ሳያውቅ ይሄዳል።

ቋንቋውም አለ። የፉሪ ገበሬ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ እየታገዘ የተረጎመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ የታተመው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ ዛሬ ወደዚያ ደጅ የአማርኛ ትራክት ብቻ ይዞ መሄድ ለድካማቸው ክብር አለመስጠት ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላልና የመንደሩ አማኝ ይቅደም፣ የከተማው ሰው ይከተል።

በሩን የሚከፍትልንም ሰው ብዙ ጊዜ የሚጾም፣ ታቦት የሚያነግሥ፣ የንስሐ አባቱ ቤቱ እየመጡ ጸበል የሚረጩለት ክርስቲያን ነው። ክርስቶስን እንመስክርለት። እናቱ ያስተማረችውን ጸሎት እያንኳሰስን ግን ስለ ፍቅር ልንነግረው አንችልም።

ፉሪ ዛሬ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተችው የሸገር ከተማ ክፍለ ከተማ ናት። እርሻው ለቤትና ለመንገድ እየሆነ ነው፤ መሬት የለቀቀ ቤተሰብ ደግሞ ከጸሎት ሌላ የሚፈልገው ብዙ ነው። በ1964 ዓ.ም. በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊነት ትመራ የነበረችው መካነ ኢየሱስ፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የሰው ነፍስና ሥጋ ተነጣጥሎ እንደማይገለገል ገልጻ ነበር። በዚህ አምናለሁ። ስለዚህም የልጁን ደብተር እንግዛ፣ የታመመውን ሐኪም ቤት እናድርስ። እርዳታው ግን የጸሎት ዋጋ ከሆነ ማባበያ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመያዝ ነፃነት በኃይል ወይም በማስገደድ እንዳይገደብ ይከለክላል። የተራበ ሰው «እምቢ» የማለት አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ከሕጉም በላይ ልንጠነቀቅለት ይገባል።

ለአጥቢያ መሪዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ከጉብኝት በኋላ በሚቀርበው ሪፖርት «ስንት ሰው ጌታን ተቀበለ?» ከሚለው ጎን «የትኛው ቤት ተመልሳችሁ ኑ አላችሁ? ሄዳችሁስ?» የሚል ይጨመር። ያልተቀበለን ቤትም ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑ ውስጥ እንቀመጥ፣ ትራክቱን ቤታችን ትተን። የምንሰብከው ጌታ ገና ጠላቶቹ ሳለን ወዶናልና ጉርብትናችንን የሚያምን ሰው ብቻ የሚያገኘው ልናደርገው አይገባም።