የሰውን ሥራ ጠቅልሎ ማቅረብ አደራ ነው

በደኅና ሲሠራ ማንም ልብ የማይለው፤ ሲበላሽ ግን ሁሉ የሚጮህበት የሥራ ዓይነት አለ። ሌሎች የሠሩትን የመልእክት መለዋወጫ ፕሮግራም፣ ቴሌግራምን የመሰለውን፣ ምንጩ ለሁሉ ክፍት በሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ እንዲሠራ አሰናድቶ ማቅረብ ከዚሁ ወገን ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት ኮምፒዩተሩን በጠቅላላው የሚያስተዳድረው መሠረታዊ ፕሮግራም ሲሆን፣ ይህን የማሰናዳት ሥራ የያዘውን ሰው «ጥቅል አዘጋጅ» ብንለው ያስማማናል።

ለምሳሌ ደቢያንን እንመልከት። ደቢያን እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የጀመረው፣ እስከ ዛሬም በበጎ ፈቃደኞች የሚካሄድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ቴሌግራም ለኮምፒዩተር ያወጣውን ፕሮግራም ምንጭ ለሕዝብ ገልጧልና፣ የደቢያን ጥቅል አዘጋጅ ይህንኑ ወስዶ ፈቃዱን ይመረምራል፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ከሚጋሯቸው ክፍሎች ጋር ያስማማዋል፤ የለወጠውን ይመዘግባል፤ ስሕተት ሲገኝ መልስ ይሰጣል፤ በመጨረሻም በዲጂታል ፊርማው አረጋግጦ ያቀርባል። ተጠቃሚው ግን የሚያውቀው አንዲት ትእዛዝ ጽፎ ፕሮግራሙን ማግኘቱን ብቻ ነው።

«ከባለቤቱ በቀጥታ መውሰድ እየተቻለ በመካከል ሌላ ሰው መግባቱ ለምን?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ የሚያስበው ስለ ራሱ ፕሮግራም ሲሆን፣ ጥቅል አዘጋጁ ስለ መላው ሥርዓት ያስባል። ብዙ ፕሮግራሞች በሚጋሩት አንድ ክፍል ላይ የደኅንነት ጉድለት ቢገኝ፣ ያንን አንዱን በማረም ሁሉንም ማዳን ይቻላል። ስለዚህ ሥራው አስፈላጊ መሆኑን እኛ አንጠራጠርም።

ይሁን እንጂ በመካከል መቆም ኀላፊነት አለበት። የምስጢር ቁልፍ የሚያመነጨው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የተባለው ፕሮግራም የመልእክት መለዋወጫ ባይሆንም ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ2006 የደቢያን ጥቅል አዘጋጅ ጥቂት መስመር ለወጠበት። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን ከዚያ ወዲያ የሚወጡት ቁልፎች በቀላሉ የሚገመቱ ሆኑ። ነገሩ የታወቀው በ2008 ስለሆነ፣ በመካከሉ የወጡትን ቁልፎች ሁሉ ጥሎ እንደገና ማውጣት ግድ ሆነ።

የስምም ጉዳይ አለ። ጌይም ይባል የነበረው የመልእክት ፕሮግራም ከኤ ኦ ኤል ኩባንያ ጋር በስም ምክንያት ሲከራከር ቆይቶ በ2007 ፒጂን ተብሏል። በ2016 ደግሞ የሲግናል መሥራች ሞክሲ ማርሊንስፓይክ፣ ሌሎች ከሲግናል ምንጭ ያዘጋጁት ሊብረሲግናል በሲግናል ስምና ሰርቨር መጠቀሙን ተቃውሟል። ምንጭን ለሕዝብ መስጠት ስምንና የቤትን ቁልፍ አብሮ መስጠት አይደለምና።

በአገራችንም ተማሪው የትምህርቱን ጽሑፍ፣ ሠራተኛው የመሥሪያ ቤቱን ጉዳይ በቴሌግራም ይለዋወጣል። የሚያምነውም ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን፣ ፕሮግራሙ በእጁ ያለፈውን ሰው ሁሉ ነው። የአለቃውን ደብዳቤ ግልባጭ የሚያወጣ ጸሐፊ አንዲት ቃል ለውጦ ዝም ቢል ምን እንደሚባል ወጣት ሹማምንቶቻችን ያውቁታል።

ደቢያንና መሰሎቹ ከየትም አገር አዲስ ሠራተኛ ይቀበላሉ። ስለዚህ የኮምፒዩተር ትምህርት የቀሰሙ ወጣቶቻችን በዚህ ሥራ ቢሳተፉ ደስ ይለናል። የምንለምናቸው ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም የለወጡትን እንዲጽፉ፤ ለባለቤቱ እንዲያስታውቁ፤ ጥቅሉ የባለቤቱ ሳይሆን የራሳቸው ሥራ ሲሆን ይህንኑ በግልጥ እንዲናገሩ ነው።