ካገለገለ ጣውላ የሚሠራ ቀፎና የነጋዴው ድርሻ

ማር ወደ ውጭ አገር ስለ መላክ በተነገረ ቁጥር ነገሩ ሁሉ በአናቢው ጫንቃ ላይ ሲጣል ይታያል። አናቢው ዘመናዊ ቀፎ ይያዝ፤ አናቢው ይማር፤ አናቢው ይደራጅ ይባላል። ምክሩ ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ቀፎው የሚሠራበት ጣውላ፥ ማጨሻው የሚበጅበት ቆርቆሮና ማሩ የሚቀዳበት ጀሪካን ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የሚበዛው የሚወጣው ከእኛው መጋዘንና ከእኛው ሱቅ ጓሮ ስለሆነ፥ ጉዳዩ የአስመጪው፥ የላኪውና የባለ ሱቁም ጭምር መሆኑን በዚህ ገጽ ላይ ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ መሆኗ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የሚበዛው ማር ጠጅ ሆኖ እዚሁ ያልቃል፤ ከጠጁ የሚተርፈው ሰፈፍ ደግሞ ተለቅሞና ተጣርቶ ከፊሉ ለጧፍ፥ ከፊሉ ለውጭ ገበያ ይውላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2008 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ማር ሊልኩለት ከተፈቀደላቸው አገሮች መዝገብ ውስጥ ባስገባት ጊዜ በር መከፈቱ እውነት ነው። በሩ ግን ጠባቂ አለው፤ ጠባቂውም ላቦራቶሪ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ምን ያህል እንደ ተወደደ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ አናቢው ቀፎውን ካገኘው ነገር በራሱ እጅ ቢሠራ የሚነቀፍበት አንዳች ምክንያት የለም። አባቶቹም ከቀርከሃ፥ ከልጥ፥ ከጭቃና ከእበት ሲሠሩ ኖረዋል። ባለ ፍሬም ቀፎን ለዓለም ያበረከተው አሜሪካዊው ሎሬንዞ ላንግስትሮት በ1851 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ነገር ስለ እንጨቱ ዐይነት አልነበረም፤ ንቦች ለመተላለፊያ ስለሚተዉት ክፍተት ነበር። ይህ ክፍተት ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ከጠበበ በሙጫ ይደፍኑታል፤ ከሰፋም እንጀራ ይሠሩበትና ፍሬሙ ከፍሬሙ ተጣብቆ ሳይሰበር የማይወጣ ይሆናል። በኬንያው ቀፎም እንዲሁ ነው። ከላይ የሚደረደሩት አግዳሚ እንጨቶች ለአፍሪካ ንብ ስፋታቸው 32 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ 30 እንጨት ሲደረደር 96 ሳንቲ ሜትር ይሞላል ማለት ነው። አንዱ እንጨት በሁለት ወይም በሦስት ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ስሕተቱ እየተደመረ ሄዶ ንቡ እንጀራውን አጣሞ በሁለት እንጨት ላይ ያንጠለጥለዋል። እንግዲህ በልኩ የተቆረጠ አሮጌ ጣውላ ያለ ልክ ከተቆረጠ አዲስ ጣውላ እጅግ የተሻለ ነው። የቀፎው አካል ከጨፈቃና ከጭቃ ቢሠራም አይጎዳም፤ አግዳሚዎቹ ግን መለኪያ ይፈልጋሉ።

ጣውላውን በተመለከተ አስመጪው ከማንም ይልቅ ሊረዳ ይችላል። ዕቃ ተጭኖበት የሚመጣው ፓሌት በጎኑ ላይ የስንዴ ዛላ ምልክት ያለበት ማኅተም አለው። ይህ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት እንጨቱ ከተባይ የጸዳበትን መንገድ ያመለክታል። ኤች ቲ የሚሉት ፊደላት በሙቀት የጸዳ መሆኑን ሲያስረዱ፥ ኤም ቢ የሚሉት በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ መሆኑን ያስረዳሉ። ለቀፎ የሚመረጠው የመጀመሪያው ነው። ከዚህም በላይ በፓሌቱ ላይ ምን ተጭኖ እንደ ነበረና ምን እንደ ፈሰሰበት የሚያውቀው ባለ መጋዘኑ ብቻ ነው። የመድኃኒት በርሜል የተቀመጠበትና የሴራሚክ ካርቶን የተቀመጠበት ፓሌት ለገዢው ዐይን አንድ ናቸው። ሁለቱን ለይቶ መሸጥ ለባለ መጋዘኑ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ኪሳራም የለበትም።

ሌላው ዕቃ ቀላል ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ አፈ ሙዝ ተበጅቶለት፥ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ወናፍ ሆኖለት ደኅና ማጨሻ ይወጣዋል፤ የሚጤስበት ግን ደረቅ ኩበት እንጂ ላስቲክና ፌስታል እንዳይሆን። አሮጌ አጎበር በባርኔጣ ዙሪያ ተሰፍቶ ፊትን ይሸፍናል፤ የአገራችንን ንብ ቁጣ የሚያውቅ ይህን አይንቅም። ውስጡ በጥቁር ቀለም የተቀባ ሣጥን በመስኮት መስተዋት ቢከደን ፀሐይ ሰሙን ታቀልጠዋለች፤ ሰም የሚቀልጠው በ62 ወይም በ64 ዲግሪ ሙቀት ነውና ማገዶ አያሻም። የመርካቶ ምናለሽ ተራ ባለ እጆች የተጣለ ብረት ወደ ምድጃና ወደ ማረሻ ሲለውጡ የኖሩ ስለሆኑ ለዚህ ሥራ አስተማሪ አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው ትእዛዝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ማር ኮምጣጣነት ስላለው ዚንክ በተቀባ ቆርቆሮ ውስጥ ሲከርም ዚንኩን ይበላዋል። ይኸው ቆርቆሮ የቀፎ ጣሪያ ቢሆን ችግር የለውም፤ የማር ዕቃ ሲሆን ነው ጉዳት የሚያመጣው። ይልቁንም የሚያስፈራው ጀሪካን ነው። የምግብ ዘይት የነበረበት ጀሪካን በደንብ ከታጠበና ከደረቀ ያገለግላል። የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ግን መቶ ጊዜ ቢታጠብ ለማር አይሆንም። ሰምም ከስብ ጋር የሚዋሐዱትን መድኃኒቶች መጥጦ ለዓመታት ይይዛቸዋል፤ ያ ሰም ቀልጦ ለአዲስ ፍሬም ሲታተም መርዙ ወደ አዲሱ ቀፎ ተከትሎ ይገባል። አንድ ሰብሳቢ ከመቶ አናቢዎች የገዛውን ማር በአንድ በርሜል ሲቀላቅል፥ የአንዱ ጀሪካን ጥፋት የመቶውን ሰው ድካም ይዞ ይወድቃል።

ታዲያ አናቢው በዚያ ጀሪካን ለምን ይቀዳል? የሚገዛው ሰው ስለማይጠይቀው ነው። በየገበያው ማር በሚዛን ይገዛል፤ በንጹሕ ዕቃ የመጣውና በመድኃኒት ዕቃ የመጣው ዋጋቸው አንድ ነው። ለንጹሕ ዕቃ ገንዘብ ያወጣው አናቢ በገዛ ጥንቃቄው ከሰረ ማለት ነው። ላኪዎቻችን ስለ ጥራት በስብሰባ ላይ የሚናገሩት ሁሉ በሚዛኑ አጠገብ ካልታየ ከንቱ ድካም ነው። ላኪው ታጥቦ የደረቀ የዘይት ጀሪካን በምልክት አስቀድሞ ቢሰጥ፥ በዚያ ለሚመጣው ማርም በኪሎ ጥቂት ብልጫ ቢከፍል፥ የሚያወጣው ገንዘብ አንድ በርሜል ከወደብ ሲመለስበት ከሚያጣው እጅግ ያነሰ ነው።

ካገለገለ ዕቃ በተሠራ ቀፎ የመጣ ማር የአገራችንን ስም ያጎድፋል የሚሉ አሉ። የውጭው ገዢ ቀፎውን አያይም፤ የሚመረምረው ማሩን ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ የማር እርጥበት ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ሲያዝ ቀፎው ከየትኛው ጣውላ እንደ ተሠራ አይጠይቅም። የቀፎ ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ደግሞ ንግዳችን ይጎዳል ብለው ሊሰጉ ይችላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። የእርጥበት መለኪያ፥ የማይዝግ የማር ማውጫና የሰም ማተሚያ ገና በየወረዳው ይፈለጋል። ሣጥን ከባሕር ማዶ ማስመጣት አየር በውድ ኪራይ መጫን ነው።

ባለ ሱቁም ድርሻ አለው። በወረዳ ከተማ ያለ ሱቅ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ከጠንካራ እንጨት የተቆረጠ መለኪያ ከምስማሩና ከሽቦው ጋር ቢሸጥ፥ ዋጋው ከአንድ ሻይ ብዙ የማይርቅ ይህ ቁራጭ እንጨት የስንቱን አናቢ ቀፎ ያቃናል።

ጊዜውን በሚመለከት፥ በብዙው የደጋና የወይና ደጋ አገር ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባና መች ሲያብቡ ንብ ይበዛል፤ መንጋውም አዲስ ቀፎ ፍለጋ ይወጣል። ዋናው ማር የሚቆረጠውም በጥቅምትና በኅዳር ነው። ስለዚህ በየመጋዘኑ ያለው ፓሌት በሐምሌ ተለይቶ፥ በነሐሴ ተሰንጥቆና ተገጣጥሞ ካልተዘጋጀ ለመስከረሙ መንጋ አይደርስም።