ኢንተርኔት በገበሬው ቤት

ዕውቀት ከሩቅ አገር ተጉዞ ከደጃፍ ቢደርስ፥ የቤቱ ባለቤት በሩን ካልከፈተለት ከደጅ ይመለሳል። ዛሬ ለወላጆች የምንጽፈው ስለዚሁ ነገር ነው።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቶችና ለጥቂት የከተማ ሰዎች ብቻ ነበር። ዛሬ ግን የባሕር ዳር፥ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች በሚገናኙባት በወረታ፥ በስልክ ገንዘብ መላክና መቀበል እንግዳ ነገር አይደለም። ከከተማዋ ወጥቶ በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር ሩዝ ወደሚዘራበት ወደ ፎገራ ሜዳ ለሚወርድ ሰው ግን ነገሩ እንደ ከተማው አይቀልለትም።

በከተማ ኢንተርኔት በሽቦ ተስቦ እስከ ቤት ሊገባ ይችላል። በገጠር ግን ቤቶች ተራርቀው ስለሚሠሩ፥ በክረምትም ሜዳው ላይ ውሃ ስለሚተኛ፥ ለየቤቱ ሽቦ መዘርጋት ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ስለዚህ የገጠሩ ሰው ተስፋ ከማማ በአየር ሞገድ የሚመጣው ኢንተርኔት ነው። የአገሩ ሜዳነት ለዚህ ይረዳል፤ ሞገዱን የሚጋርድ ተራራ በመካከሉ የለምና። ሆኖም ብዙ ሰው በአንድ ማማ በአንድ ጊዜ ሲጠቀም ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የቆርቆሮ ቤትም ሞገዱን ይከለክላል። ስለዚህ ስልኩን ወይም የዋይፋይ መሣሪያውን ማማው ባለበት አቅጣጫ በመስኮት አጠገብ ከፍ አድርጎ ማኖር፥ ከባዱንም ነገር ሰው በሚተኛበት ሰዓት ማውረድ ይጠቅማል።

ከቆርቆሮው ይልቅ የሚከብደው ግን የቤታችን ልማድ ነው። በብዙ ቤት ያለው ስልክ አንድ ነው፤ እርሱም በአባት ወይም በታላቅ ወንድም እጅ ይውላል። ሴት ልጅ ውሃ ቀድታ፥ እንጀራ ጋግራ ማታ ስትቀመጥ፥ ስልኩ ባትሪው አልቆ ታገኘዋለች። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠቱን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በእጇ ነክታው በማታውቀው መሣሪያ ፊት የምትቀመጥ ልጅ፥ ከእርሱ ጋር ካደገ የከተማ ተማሪ ጋር እንዴት እኩል ልትወዳደር ትችላለች? ስንፍና ሳይኖርባት ከመንገድ ትቀራለች፤ ጥፋቱም የእርስዋ አይደለም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። አንደኛ፥ በየማታው አንድ ሰዓት ለሴት ልጅ ትምህርት ይከለል፤ ይህም እንደ ራት ሰዓት የታወቀ የቤት ሕግ ይሁን። ሁለተኛ፥ ሩዝ ለማረምና ለማጨድ በወንፈል የሚረዳዱ ጎረቤቶች፥ አንድ መሣሪያ በጋራ ገዝተው የወሩን ሂሳብ ቢካፈሉ ለአንዱ የከበደው ለአራቱ ይቀላል። ሦስተኛ፥ መስመሩ በደኅና ጊዜ የትምህርት መጻሕፍት ወርደው በስልኩ ውስጥ ይቀመጡ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱ አይዘነጋም። አራተኛ፥ ወላጆች ከልጆቻቸው አጠገብ ተቀምጠው የሚያነቡትን ይጠይቁ፤ የገንዘብ መላኪያውን የምስጢር ቍጥርም ለማንም እንዳይነግሩ ያስተምሩአቸው።

ወላጆች ሆይ! ማማ ማቆም የመንግሥትና የድርጅቶች ሥራ ነው፤ ከማማው የመጣውን ለልጅ ማድረስ ግን የእናንተ ነው። ዛሬ ማታ ስልኩን ለልጃችሁ ስጡአት።