ቴፒ ድረስ ሄዶ የአዲስ አበባን ጥብስ መብላት

ቴፒ የገባ እንግዳ ሆቴል ቁጭ ብሎ "ምን አለ?" ሲል መልሱ ጥብስ፣ ሽሮ፣ ፓስታ ነው። ጎደሬው፣ ቆጮው፣ በቅመም ተፈልቶ የሚጠጣው የቡና ቅጠል በየሰው ጓዳ ቀርቷል። ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ በጆንያ ወደ መሀል አገር ይጫናል።

ባለሆቴሎች "እንግዳው አይጠይቅም" ይላሉ። ስሙን ያልሰማውን ምግብ እንዴት ብሎ ይጠይቅ? እውነቱ ሌላ ነው፤ ጎደሬ "የድሃ ምግብ ነው" ተብሎ ይታፈርበታል።

የፈረንሳይዋ ሊዮን አላፈረችም። ጨጓራና አንጀት የሚሠሩ ትንንሽ ቤቶቿን ዛሬም መንገደኛ አፈላልጎ ይገባባቸዋል። ዩጄኒ ብራዚዬ የገበሬ ልጅ ነበረች፤ በሰው ቤት ተቀጥራም ሠርታለች። በ1933 እ.ኤ.አ. ግን ሁለቱም ምግብ ቤቶቿ ከሚሽሊን ሦስት ሦስት ኮከብ አገኙ።

ቴፒ ላይ ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። አንድ ባለሆቴል በሳምንት አንድ ቀን ባልትና የምታውቅ የሸካ፣ የሸኮ ወይም የመዠንገር እናት ወጥ ቤቱ ያስገባ። የምግቧን ስም በራሷ ቋንቋ ሜኑ ላይ ይጻፍ፤ የላቧንም ይክፈላት። እስከዚያው መንገደኛው ጥብሱን በልቶ ይሄዳል፤ ሙያው ያላት ሴት ደግሞ ከገቢው ሳንቲም አትቀምስም።